የፋብሪካው ማኒፎልድ ይጠገን ወይስ ሄደር ይገጠም? ሐረጎን ለሚወጣ መኪና የተዘጋጀ ንጽጽር

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪናው ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል፤ የሞተር ገመናም የሚጋለጠው እዚሁ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስት ቪትስ አለ፣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ዲኤክስ አለ፣ ከኮፈኑ ሥር "ጭክ ጭክ" የሚል ኮሮላ አለ። የሦስቱም ባለቤቶች ጋራዥ ሄደው ሲያማክሩ ከሚሰሟቸው ምክሮች አንዱ "ሄደር ግጠምበትና ዳገቱን እርሳው" የሚል ነው። ማኒፎልድ ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ ማርሚታው የሚያስተላልፈው ክፍል ነው፤ ሄደር ደግሞ በእሱ ምትክ የሚገጠም የቧንቧዎች ስብስብ። ምክሩ ለአንዳንዱ መኪና ይሠራል። ለአብዛኛው ግን የታመመው ሌላ፣ የሚታከመው ሌላ ይሆናል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ለሚመላለስ የቤት መኪና፣ ያልተሰነጠቀና ጭስ የማያፈስ የፋብሪካ ማኒፎልድ ከርካሽ ሄደር ይሻላል። የፋብሪካው ከጥገና በላይ ከሆነና ሄደር የግድ ካስፈለገ ደግሞ፣ አራቱን ቧንቧ በመጀመሪያ ወደ ሁለት ቀጥሎ ወደ አንድ የሚሰበስበውን፣ ፍላንጁ (ከሞተሩ ጋር የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት) ወፍራም የሆነውን ይምረጡ። የሚያብረቀርቅ መሆኑ የመጨረሻ መመዘኛ ይሁን።

ልዩነቱ የት ነው?

የፋብሪካው ማኒፎልድ ብዙውን ጊዜ ከፎንደሪያ የወጣ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው። ከአራቱ ፒስተኖች የሚወጣውን ጭስ በአጭር ርቀት ሰብስቦ ወደ ማርሚታው መስመር ይልካል። ከባድ ነው፣ አያምርም፣ ግን ድምፅ ያፍናል፣ ሙቀት ይችላል፣ በአግባቡ ከተያዘ የሞተሩን ዕድሜ ያህል ይቆያል። ድክመቱ የአንዱ ፒስተን ጭስ ገና ሳይርቅ ከሌላው ጋር መጋጨቱ ነው።

ሄደር ግን ለእያንዳንዱ ፒስተን የራሱ ቧንቧ አለው። ጭስ ከቫልቩ ሲወጣ በአንድ ወጥ ፍሰት አይወጣም፤ እየተመታ በየተራ ነው የሚወጣው። እያንዳንዱ ምት በቧንቧው ውስጥ ሲሮጥ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ይተዋል፤ የቧንቧው ርዝመትና ስፋት በትክክል ከተመጠነ ይህ ዝቅተኛ ግፊት የቀረውን ጭስ ከሲሊንደሩ ስቦ ያወጣል፣ አዲሱ አየርም በቀላሉ ይገባል። የሄደር ጥቅም ሁሉ ይኸው ነው። ርዝመቱ ካልተመጠነ ግን በእጅዎ ያለው ብዙ ቧንቧ እንጂ ሄደር አይደለም።

ከፍታው የወሰደውን ሄደር አይመልስም

ሻጭ የማይነግርዎትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስላት ይቻላል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስተኛ ገደማ። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ደሴ ፒያሳ ላይ ሲቆም የሚሰጠው ወደ 75 የሚጠጋ ነው። በሌላ ነገሩ ባልተነካ 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ሞተር ላይ ጥሩ ሄደር ብቻውን የሚጨምረው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ እሱም የሚገኘው ባብዛኛው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጮህ ነው። በዚህ ላይ ደጋ ላይ የውጭው ግፊት ዝቅ ያለ፣ የሚወጣው ጭስም በመጠኑ ያነሰ ስለሆነ፣ የፋብሪካው ማኒፎልድ የሚፈጥረው ጫና ቆላ ላይ ከሚፈጥረው ያነሰ ነው። ሄደሩ የሚያቃልለው ሸክም ራሱ ቀሏል ማለት ነው።

መኪናዎ ኮምቦልቻ ላይ ደህና ሄዶ ደሴ ሲደርስ የሚደክም ከሆነ ይህ ተፈጥሮ ነው። ኮምቦልቻም ላይ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ሄደር ከማሰብዎ በፊት የአየር ማጣሪያውን፣ ካንዴላውን፣ የፒስተኖቹን ግፊትና ፍሪሲዮኑን ያስፈትሹ። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ መኪናው ግን ባለበት ነው፤ ይህን በማርሚታ ሊጠግኑ የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። የተደፈነ ካታሊቲክ ኮንቨርተርም (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) እንዲሁ መኪናን ያንቃል። ካርቡራቶር ያለው መኪና ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ አየሩ ሳስቶ ሳለ ነዳጁ እንደ ቆላ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅድሚያ የሚስተካከለው ካርቡራቶሩ ነው። አነስ ያለ ጄት (ካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ) ከማንኛውም ሄደር በርካሽ ዳገት ያስወጣል።

አንደኛው ምርጫ፦ ያለውን ማስጠገን

ማኒፎልድ ሲሰነጠቅ የሚሰጠው ምልክት አለ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ "ጭክ ጭክ" ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ ስንጥቁን ስለሚዘጋው ነው። ሲሞቅም የማይጠፋ ከሆነ ስንጥቁ ሰፍቷል፣ ወይም ጓርኒሲዮኑ (በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ወይም ስታዱ፣ ማለትም ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚወጣው ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ተሰብሯል። የጓርኒሲዮን ችግር ከሆነ ተደስተው ይክፈሉ፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

ስንጥቅ ከሆነ የሚወስነው በያጁ ነው። ከፎንደሪያ የወጣ ብረት በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ብየዳው ይይዝና ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል፤ ብረቱ ካርቦን ስለሚበዛበት በድንገት ሞቆ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ሥራውን የሚያውቅ በያጅ በስንጥቁ ጫፎች ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ማኒፎልዱን አስቀድሞ ያሞቃል፤ በኒኬል ኤሌክትሮድ አጭር አጭር እያደረገ ይበይዳል፤ ሲጨርስም አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። በያጁን "በምን ኤሌክትሮድ ነው የምትሠራው? ከሠራህ በኋላስ የት ታስቀምጠዋለህ?" ብለው ይጠይቁት። "ውሃ ደፋ እናደርግበታለን" ካለ አመስግነው ይሂዱ።

ከብየዳው በኋላ ከቴስታታው ጋር የሚገጥመው ፊት መጣመሙ አይቀርምና በማሽን መስተካከል አለበት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ መሆኗ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ከጨርቃ ጨርቁና ከብረታ ብረቱ ፋብሪካ ጋር ሲሠሩ የኖሩ የቶርኖና የብረት ሥራ እጆች አሉባት። ደሴ ላይ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ "ቀጥ ብሏል" የሚልዎት ካለ፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስተኝተውበት ወደ ብርሃን ይያዙት። ብርሃን ካሾለከ ጭስም ይሾልካል።

ሁለተኛው፦ ያገለገለ ኦሪጅናል

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የተፈታ መኪና ዕቃ ዋጋ ጨምሯል፣ ጥሩውም እየጠፋ ነው። ቢሆንም ለብዙ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይኼ ይመስለኛል። በመኪናዎ ልክ የተሠራ ነው፤ የኦክስጅን ሴንሰሩም (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግረው)፣ የሙቀት መከላከያ ላሜራውም፣ ቀጥሎ ያለው ቧንቧም ያለ ብየዳ ይገጥማሉ።

ሰዎች ባብዛኛው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያስልካሉ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣን ዕቃ መመለስ መከራ ነውና ላኪው ከመጫኑ በፊት አራት ፎቶ ያንሳ፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ፊቱ በማስመሪያ ተለክቶ፣ የሴንሰሩ ቀዳዳ ቀርቦ። በእጅዎ ሲገባ ደግሞ በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ መታ ያድርጉት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ጥላሸት ከውጭ በኩል መስመር ሠርቶ ካዩ፣ እሱ የጭስ መሹለኪያ ነው፤ ሻጩ "ቆሻሻ ነው" ቢልም በቀላሉ አይመኑት።

ሦስተኛው፦ የተገዛ ሄደር

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቅርጹ ነው። አራቱን ቧንቧ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የሚሰበስበው ዓይነት በከፍተኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል፤ የውድድር መኪና ምርጫ ነው። አራቱን በሁለት፣ ሁለቱን በአንድ የሚሰበስበው ግን መካከለኛ ዙር ላይ ይበረታል። ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ከ5,000 ዙር በላይ የሚገኝ ጉልበት ኩርባ በኩርባ በሆነ መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈው ሳሉ ምን ያደርግልዎታል?

ሁለተኛው ዓይነት በትክክል መሠራቱን በጣትዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የተለመዱት ባለ አራት ፒስተን ሞተሮች የሚቃጠሉበት ተራ 1-3-4-2 ነው። ስለዚህ የዳርና የዳሩ፣ ማለትም 1ኛውና 4ኛው፣ አንድ ላይ፤ የመካከሎቹ 2ኛውና 3ኛው አንድ ላይ መጣመር አለባቸው። እንዲህ ሲሆን በአንድ ቧንቧ የሚያልፉት ምቶች እኩል ይራራቃሉ። ለአሠራር እንዲቀል ብሎ 1ኛውን ከ2ኛው፣ 3ኛውን ከ4ኛው ያጣመረ ሄደር ካጋጠመዎት መልኩ እንጂ ሥራው የለም። ሱቅ ውስጥ ቆመው ከፍላንጁ ጀምሮ ቧንቧውን በጣት መከተል ብቻ ይበቃል።

ቀጥሎ ብረቱ። "ስቴንለስ ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለው ሲሆን ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፤ ሲሞቅ ግን ብዙ ይለጠጣል፣ እንዳይንቀሳቀስ ከታሰረ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። 409 ክሮሚየሙ 11 በመቶ ገደማ ነው፤ ከላይ ቡናማ ዝገት ይይዘዋል እንጂ ቶሎ አይበላም፣ ብዙ የመኪና ፋብሪካዎችም ለጭስ መስመር ይጠቀሙበታል። ማግኔት 304ን እምብዛም አይስብም፣ 409ን ይስባል። ስለዚህ ማግኔት ያዘ ማለት መናኛ ነው ማለት አይደለም፤ ማግኔት ይዞ እያለ "304 ነው" የሚልዎትን ሻጭ ግን ያጋልጥልዎታል። የታጠፈበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ቢስብ ችግር የለውም፤ 304 ሲታጠፍ እንዲያ ይሆናል።

ከብረቱ ዓይነት የበለጠ እኔ የማየው ውፍረቱን ነው። የቧንቧው ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ፍላንጁ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም። 5 ሚሊ ሜትር ፍላንጅ በሙቀት ይጣመማል፤ ከዚያ ጓርኒሲዮን መቀያየር የወር ተራ ይሆናል። በቀዳዳዎቹ ውስጥም ይመልከቱ። የብየዳ ጠብታ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ ካዩ ያ ጠብታ የጭሱን መንገድ ያጠብባል፣ ሄደር የገዙበትንም ምክንያት ያፈርሳል።

ሴንሰሩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። የኦክስጅን ሴንሰር መቀመጫ ያለው መሆኑን፣ መቀመጫውም የእርስዎን ሴንሰር የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ሴንሰራቸው በሁለት ዳዶ የሚታሰር ነው፤ ብዙዎቹ ሄደሮች ግን በጥርስ የሚገባ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው። ሴንሰሩ በጣም ርቆ ወደ ታች ከወረደ፣ በተለይ የራሱ ማሞቂያ የሌለው ከሆነ፣ ቶሎ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም በግምት ነዳጅ ይሰጣል። "ሄደር አስገጥሜ ቤንዚን ጨመረብኝ" የሚለው ሮሮ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው።

አራተኛው፦ እዚሁ ማሠራት

የሠፈር በያጅን መናቅ አልወድም። ጥሩ እጅ ያለው ሰው በሳጥን ተጭኖ ከመጣ ርካሽ ሄደር የተሻለ ሊሠራ ይችላል፤ ሞተርዎን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚሠራው፣ መሪውንም ስታርተሩንም ዞሮ ያሳልፋል። መጥፎ እጅ ደግሞ የውሃ ቧንቧ ቆራርጦ ይሰጥዎታል።

የውሃ ቧንቧ ስል ለነገር አይደለም። ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ በሁለት ምክንያት አይሆንም። ዚንኩ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ያሳምመዋል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለቅበታል፤ የተቀረው ዚንክም በጭሱ ሙቀት ተቃጥሎ ያልቅና ቧንቧው እንደ ማንኛውም ብረት ይዝጋል። ግድግዳው ወፍራም፣ ማጠፊያው ሹል ስለሆነም ጭሱ በየማዕዘኑ ይጋጫል።

በያጁ የሚጠየቀው ሌላው ነገር ስፋት ነው። ለ1.3 እስከ 1.6 ሊትር ሞተር ከውጭ ሲለካ ከ35 እስከ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ ለእያንዳንዱ ፒስተን ይበቃል። "ሰፋ ሲል ይተነፍሳል" የሚለው አባባል ዳገት ላይ ተቃራኒውን ነው የሚያመጣው፤ ቧንቧው ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ስበቱም ይጠፋል፣ መኪናው ከዝቅተኛ ዙር ሲነሳ ይልመጠመጣል።

ፍላንጁ ሲበየድ የት እንደሚታሰር ይጠይቁ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተበየደ ፍላንጅ ይጣመማል። አሮጌ ቴስታታ ላይ ወይም ወፍራም ብረት ላይ በብሎን አስሮ የሚሠራ፣ እስኪቀዘቅዝም የማይፈታ ከሆነ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

በተራ ብረት የተሠራ ሄደር ዕድሜው የሚወሰነው በአነዳድዎም ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ብቻ የሚመላለስ መኪና ቧንቧው ሳይሞቅ ይቆማል፣ እንፋሎቱ እዚያው ውሃ ይሆናል፣ በደሴ ብርድ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። በየቀኑ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ግን ራሱን ያደርቃል። በሙቀት መከላከያ ጨርቅ መጠቅለልን በተመለከተ፦ ለውድድር መኪና ጥሩ ነው፤ ለተራ ብረትና ለደሴ ክረምት ግን እርጥበት አምቆ ከውስጥ ያስበላዋል። ሙቀት የሚችል ቀለም ይሻላል።

በመኪናው ዓይነት

*4ኬ ሞተር ያለው ዲኤክስ።* አየር ማስገቢያውና ጭስ ማውጫው በአንድ ጎን ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው፤ የጭሱ ማኒፎልድ ከታች ሆኖ ካርቡራቶሩ የቆመበትን ያሞቀዋል። ሄደር ሲገጠም ይህ ሙቀት ይቀራል። ኮምቦልቻ ላይ ላያስታውቅ ይችላል፤ ደሴ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ግን መኪናው እየተንገፈገፈ ለመሞቅ ጊዜ ይፈጅበታል። ከዚህ ሌላ፣ ከሁሉም መኪኖች ሄደር በግልጽ የሚሰማበት ይኼኛው ነው፤ ኮምፒውተርም ሴንሰርም ስለሌለው የሚረበሽ ነገር የለም። ለወጣት ባለ ዲኤክስ አልከለክልም፤ ካርቡራቶሩን አብሮ ያስተካክል።

*4ኤና 5ኤ ኮሮላ።* ጭስ ማውጫው ከፊት፣ ከራዲያተሩ ጋር ፊት ለፊት ነው። ለመፍታት ከሁሉም ይቀላል። ሄደሩ ከራዲያተሩ ማራገቢያና ከሽቦዎቹ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ይለኩ፤ ቀጭን ቧንቧ ከወፍራሙ የፋብሪካ ብረት የበለጠ ሙቀት ወደ ውጭ ይለቃል። የሙቀት መከላከያ ላሜራውን "አልገጥም አለ" ብሎ የሚጥል መካኒክ ሽቦ ያቃጥልብዎታል።

*1ዜድዜድ ሞተር ያለው ኮሮላ።* ማኒፎልዱ ከሞተሩ ኋላ፣ በካቢኑ ግድግዳ በኩል ነው። ሥራው ጠባብና አድካሚ ነው፤ ጭስ ካፈሰሰም ወደ ካቢን ለመግባት ቅርብ ነው። እዚህ ላይ ያለኝ ምክር አጭር ነው፦ ኦሪጅናል ፈልገው ይግጠሙ።

*ናፍጣ።* ተርቦ ያለው ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ ከሆነ ተርቦው ራሱ ማኒፎልዱ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ስለ ሄደር አያስቡ። ተርቦ የሌለው ናፍጣም ቢሆን የሚያገኘው ጥቅም እዚህ ግባ አይባልም። ጥቁር ጭሱ የኢንጀክተርና የፓምፕ ጉዳይ ነው።

ገጠማው

የትኛውንም ይምረጡ፣ ሥራውን የሚያበላሸው ወይም የሚያሳምረው ገጠማው ነው። ከቀዳሚው ምሽት ጀምሮ ዳዶዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጭ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ ይጀመር። የሴንሰሩ ሽቦ በቅድሚያ ይፈታ፤ ማኒፎልዱ በሽቦው ተንጠልጥሎ አዲስ ሴንሰር የገዛ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከሥር መግባት ካስፈለገ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መቆሚያ ይደረግ።

የፍርሃቱ ሁሉ መነሻ ስታድ መሰበሩ ነው። ዳዶ እንቢ ሲል ማሞቅና ወዲህ ወዲያ ማለት እንጂ ቁልፉ ላይ ቱቦ አስረዝሞ መጫን አይገባም። ከተሰበረ በላዩ ላይ ዳዶ በይዶ ማውጣት ከመብሳት ይሻላል፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ቴስታታው ከአሉሚኒየም ከሆነ አጣሞ የበሳ መካኒክ ሌላ ወጪ ይዞ ይመጣል።

ጓርኒሲዮን አዲስ ይሁን፤ በተለይ ከብረት ንጣፎች የተሠራው ዓይነት ለሄደር ይመረጣል። አሮጌውን በሲሊኮን አጠናክሮ መመለስ ሥራ አይባልም። ዳዶዎቹ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለትና በሦስት ዙር እኩል ይጠበቁ። አንዱን ጫፍ በአንዴ ጥርቅም አድርጎ ወደ ሌላው መሄድ ፍላንጁን ያጣምመዋል። ሞተሩ ተጋድሞ የተቀመጠበት መኪና ከሆነ፣ ጋዝ ሲሰጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚወዛወዝ፣ በሄደሩና በማርሚታው መካከል የሚተጣጠፍ ቧንቧ መኖር አለበት። ከሌለ የትኛውም ብየዳ አይችለውም።

ቧንቧው ከመኪናው ሆድ በታች ምን ያህል እንደወረደም ይዩ። የሠፈር ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ረጅም ሄደር አይወድም።

ሞተሩ በመጀመሪያ ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ከዘይቱና ከቀለሙ ይወጣል፤ ያልፋል። የማያልፈው የመሹለክ ድምፅ ነው። ረዳት የማርሚታውን አፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ሲይዝ፣ እርስዎ ፍላንጁ አጠገብ ያዳምጡ። ከሴንሰሩ በፊት ያለ መሹለኪያ ጭስ ከማስወጣቱም በላይ በምቶቹ መካከል ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ "ነዳጅ አነሰ" ይላል፣ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። የነዳጅ ወጪው በዚህ ይጀምራል። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቁ፤ ይህን ሳያደርጉ ወደ አዲስ አበባ መንገድ አይውጡ።

ስለ መሹለክ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። በብርድ ምክንያት መስኮት ዘግቶ፣ ሞተር አስነስቶ መኪና ውስጥ የሚያሸልብ ሹፌር ጭስ የሚያፈስ ማኒፎልድ ካለው ላይነቃ ይችላል። መንዳት ሲጀምሩ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ መስኮት ከፍተው ወዲያው ያቁሙ።

ካታሊስት፣ ቦሎና ድምፅ

ብዙ ሄደሮች ለካታሊቲክ ኮንቨርተር ቦታ የላቸውም። እሱ ሲወጣ ከኋላው ያለው ሴንሰር የሞተር መብራት ያበራል፣ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ የሚጮህና የሚያፈስ መኪና ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ሄደር ሲገጠም ማርሚታውንም ባዶ የሚያደርጉ አሉ፤ ድምፁን ጉልበት አድርገው ያስቡታል። ጦሳ ሥር በተቀመጠች ከተማ ውስጥ ሌሊት የሚጮህ መኪና ተራራው እየመለሰ ለሁሉም ያሰማዋል፤ ለጎረቤት እዘኑለት።

ዋጋና ውል

ዋጋ አልጽፍም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስትዎታል። ሲያነጻጽሩ ግን የዕቃውን ዋጋ ብቻ አያነጻጽሩ፦ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዳዶ፣ የሚተጣጠፈው ቧንቧ፣ ቀጥሎ ያለውን መስመር የሚያገናኘው ብየዳ፣ አንዳንዴም ሴንሰር ሁሉም ሄደሩ ላይ ይደመራሉ። ያገለገለ ኦሪጅናል ላይ የሚደመረው ጓርኒሲዮንና የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

ከጋራዡ ጋር ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ሁለት ነገር ይነጋገሩ። "ጋሼ፣ ችግር የለም፣ እናየዋለን" የሚለው መልስ አይበቃም። ስታድ ቢሰበር የማውጫው ወጪ የማን ነው? ከሞቀ በኋላ ያለው ሁለተኛው ማጥበቅ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? የድሮው ማኒፎልድ፣ ላሜራውና ብሎኖቹ የእርስዎ ንብረት ናቸውና ሥራው ሲያልቅ አብረው ይረከቡ፤ ሄደሩ ካልተስማማዎት የሚመለሱበት እሱ ነው፣ መኪናውን ሲሸጡም ገዢው የሚጠይቅዎት እሱን ነው።